አክስቴ አንጓች ያከፋፈሏቸው ወረቀቶች

«እማዬን ትንሽ አሟታል» አለችኝ ማሬ በስልክ። ማሬ የአክስቴ የአንጓች ልጅ ናት፤ ደባርቅ ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። ከደባርቅ ጎንደር ድረስ ተደውሎ «ትንሽ አሟታል» ከተባለ፣ ነገሩ ትንሽ እንዳልሆነ አገር ያውቃል። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ቀጥላም «ስትመጣ ያቺን ወረቀት እንዳትረሳ» አለችኝ። ያኔ ማረፋቸውን አወቅሁ።

ስልኩን ዘግቼ ወዲያው ያለቀስኩ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት «ማሬ ወረቀቷን ለምን ፈለገቻት?» ብዬ ነው። የአንጓች የወንድም ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። ልቅሶው የመጣው በኋላ፣ ሚኒባሱ ኮሶዬን አልፎ ብርዱ በመስኮት ሲገባ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ አይቶኝ የጋቢውን ጫፍ ደረብ አደረገልኝ። እያለቀስኩም ቢሆን ጠርጥሬው ወረቀቷን የያዝኩበትን ኪሴን ዳሰስኩ።

አክስቴ አንጓች የአባቴ ታላቅ እህት ነበሩ። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አባቴን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አባቴ በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ተይዞ ወደ ሰሜን ሲሄድ እኔ ገና አልተወለድኩም። ሄዶ ቀረ። መርዶ እንኳ በወጉ አልመጣልንም። የተረፉን ደብዳቤዎቹ ናቸው። እነሱም የሚመጡት እናቴ ወደምትኖርበት ወደ ዳባት ሳይሆን ደባርቅ ለአክስቴ ነበር፤ ቤታቸው መኪና መንገዱ ዳር ስለሆነ ሾፌሮች ሁሉ ያውቁታል። እናቴ ይህን ነገር እስክትሞት ድረስ አልወደደችውም።

ደባርቅ ውስጥ እንደ እሳቸው የሚጠረጥር ሰው አላየሁም። ልጠይቃቸው ስሄድ ሰላምታቸው «ምን ፈልገህ ነው?» ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው አገላብጠው የሚስሙኝ። ሰው ሲያናግራቸው ፊቱን አያዩም፤ አንድ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው እጁን ነው የሚያዩት። «ፊቱንማ አዘጋጅቶት መጥቷል» ይሉ ነበር። ገበያ ጨው ሲገዙ ከላይ ያለውን ትተው ከከረጢቱ ሥር አስወጥተው ይቀምሳሉ። የቤታቸው በር ሁለት ቁልፍ ነበረው። አንዱን አንገታቸው ላይ ያስሩታል፤ ሁለተኛውን ደግሞ «ዶሮዬን ሰርቃለች» ብለው ለሚያሟት ጎረቤት ይሰጧታል። ማሬ «ምነው እማዬ፣ ለሌባ ቁልፍ ይሰጣል?» ብትላቸው፣ «እሷን ሰፈሩ ሁሉ ያያታል፤ ደግ የተባለውን ማን ያየዋል?» አሏት። እንስቅባቸው ነበር። እኔ ግን እየሳቅሁም ነገሩ ይገባኛል። የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው፤ የሐኪም ማዘዣ ሲሰጡኝ ከመድኃኒቱ ስም በፊት የማየው ፊርማውን ነው።

አክስቴ ፊደል አልቆጠሩም። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር የሰው አፍ መጠበቅ ነበረባቸው፤ ይህ ደግሞ ለእሳቸው ከባድ ነበር። በእኛ አገር ክፉ ወሬ እንዲሁ አይወረወርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቀን ተመርጦ፣ ማለዳ ነው መርዶ የሚረዳው። እስከዚያ የሰማ ሁሉ አፉን ይይዛል፤ ደብዳቤ የሚያነብ ሰውም መጥፎውን ዘሎ ደህና ደህናውን ያነባል። ይህ ከውሸት አይቆጠርም፤ ደግነት ነው። አክስቴ የሚፈሩት ይህንን ደግነት ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱን ደብዳቤ መጀመሪያ ለደብሩ መሪጌታ፣ ቀጥሎ ለአንድ ተማሪ ያስነብቡታል። አንዱ ስለ ሌላው አያውቅም።

አንድ ጊዜ መሪጌታው ሲያነቡ አክስቴ እንደ ልማዳቸው እጅ እጃቸውን ያያሉ። የመሪጌታው ጣት መስመሩን እየተከተለ ይወርዳል። መሃል ላይ ጣቱ ሲወርድ አፋቸው ቆመ፤ ትንሽ ቆይቶም ከታች ቀጠለ። አክስቴ ጠላ ቀዱላቸው። ጠጥተው ሲጨርሱ፣

«መሪጌታ፣ ጣትዎ ያለፈችበትን ደግሞ ያንብቡልኝ» አሏቸው።

«ኧረ አንጓች፣ መርዶ ነጋሪ አታድርጊኝ!»

«ሞቷል?»

«አልሞተም። ትከሻውን ቆስሎ ነበር፤ ድኗል ይላል።»

«ታዲያ የዳነ ቁስል ምን ያስደብቃል?»

ይህን ያጫወቱኝ መሪጌታው ራሳቸው ናቸው። «ከዚያ ወዲህ አክስትህ ቤት ሳነብ ጣቴን ነጠላዬ ውስጥ እደብቃለሁ» እያሉ ይስቁ ነበር።

እርግጥ ሁልጊዜ ትክክል አልነበሩም። አንዱን ተማሪ «ሲያነብ ድምፁን ያሳምራል፤ ጨምሮበት ነው» ብለው ከቤት አባረውታል። ልጁ ምንም አልጨመረም፤ የቅኔ ተማሪ ስለነበር ድምፁ እንዲያው ያምር ነበር። ሌላም ነገር ነበራቸው። የአባቴ ደብዳቤዎች እንደ ዘመኑ ደብዳቤ ሁሉ «ከእናንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብለው ነው የሚጀምሩት። የቆሰለ ጊዜ የጻፈውም፣ ራብ የያዘው ጊዜ የጻፈውም እንደዚያ ነው የሚለው። ስለዚህ አንባቢው ገና አፉን ሲከፍት «ደህና ነኝ ያለውን እለፈው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አንብብ» ይሉ ነበር። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ይሰበራል። እኔ ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህቺ ነገራቸው ነበረች።

ጦርነቱ ካለቀ ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ከከተማ መጣ። ስለ ጦርነቱ መጽሐፍ እጽፋለሁ አለ። አነጋገሩ ለስላሳ ነው። አክስቴ እጁን አዩት፤ ጣቱ ላይ የብዕር ቀለም አለ፣ ጥፍሩ ንጹሕ ነው። እጁ አሳታቸው። አንዲቱን ደብዳቤ ኮፒ አስደርጌ ልመልስ ሲል ሰጡት። ያን ቀን ደባርቅ መብራት ስላልነበር ዳባት ወርጄ አስደርጋለሁ ብሎ ሄደ። በዚያው ቀረ። አክስቴ ያንን ክረምት ሙሉ ከዳባት መኪና በመጣ ቁጥር ነጠላቸውን እያጣፉ እየወጡ ወራጁን ሁሉ ያዩ ነበር። ዝናቡ ሲብስ ማሬ ጎትታ ታስገባቸዋለች።

ደብዳቤዎቹን ያከፋፈሏቸው ከዚያ በኋላ ነው። ያከፋፈሉበት መንገድ ግን ሌላ ሰው የሚያስበው አይደለም። አንዱን ደብዳቤ ሙሉውን ለአንድ ቤት አልሰጡም። ገጽ ገጹን ለያይተው የመጀመሪያውን ወረቀት ለአንድ ዘመድ፣ ቀጣዩን ለሌላ ሰጡ፤ ይባስ ብለው የተኳረፉ ዘመዶችን መርጠው። ዳባት ያለው ወረቀት አምቢኮ ያለውን ካላገኘ ትርጉም የለውም። ማንም ብቻውን ሊሸጠው፣ ሊያጠፋው ወይም «የእኔ ነው» ሊል አይችልም። በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ቤታቸው ዝክር አለ፤ ሁሉም ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። በር ላይ እጅ ይታጠባል። አክስቴ የእያንዳንዱን ጣት እያገላበጡ ቅቤ እንዳልነካው ያያሉ። ከዚያ እንደየተራችን ወረቀታችንን እናነባለን። ወረቀቱን ሳይዝ ለመጣ ሰው ጠላ አይቀዳለትም፤ «ለጠላው ከሆነ ጠላ ቤት ሞልቷል» ይባላል።

እኔ አንድ ዓመት «ሁሉንም በስልክ ፎቶ ላንሳቸውና ሁላችንም ይኑረን» ብያቸው ነበር። ስልኩን ከእጄ ወስደው ወደ መሬት ደፉት።

«ሁሉም ካለው ኅዳር ሚካኤል ማን ደባርቅ ይመጣል? ናፍቃችሁኝ ትመጣላችሁ ልትለኝ ነው?»

«እንመጣለን እንጂ አክስቴ!»

«ፊትህን አሳምረህ አትመልስልኝ» አሉኝ።

ለእኔ የደረሰችኝ የመጨረሻው ደብዳቤ የመጀመሪያ ገጽ ናት። ከደብተር የተገነጠለች ናት፤ ጽሕፈቷ ወደ ታች ሲወርድ ይጨናነቃል። ስለ ብርድ፣ ስለ ጫማ፣ ስለ አንድ ጓደኛው ይናገርና መጨረሻዋ መስመር ላይ «ስለሚወለደው ልጅ ግን» ይልና ገጹ ያልቃል። የሚወለደው ልጅ እኔ ነኝ። ቀጣዩን ወረቀት አክስቴ የሰጡት ለደሳለኝ ነው።

ደሳለኝ የአባቴ የአጎት ልጅ ነው። ከዳባት ወጣ ብሎ ቁልቁል የሚገባ መንደር ውስጥ ያርሳል። አባቴ ሲሄድ ማሳውን የያዘው እሱ ነው፤ እናቴ «ቀማን» ትላለች። በዚህ የተነሳ ቤታችን ስሙ በደግ ተነስቶ አያውቅም። ኅዳር ሚካኤል እኛ በምንሄድበት ቀን እሱ አይመጣም፤ ስለዚህ የመጨረሻው ደብዳቤ በየዓመቱ «ስለሚወለደው ልጅ ግን» ላይ ይቆማል። ሁሉም ዝም ይላል። ያ ዝምታ ያንገበግበኝ ነበር።

ምን እንደጠረጠርኩ ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ በአባቴ ዘመዶች በኩል «ከሄደ በኋላ የተወለደ ነው፤ የማን እንደሆነ እሱ አንድዬ ያውቃል» የሚል ሐሜት ሰምቻለሁ። ስለዚህ ያቺ «ግን» እንቅልፍ ትነሳኝ ነበር። አባቴ ራሱ ጠርጥሮ ቢሆንስ? ደሳለኝ ወረቀቷን የሚደብቃት ማሳውን ስጠይቀው አውጥቶ ሊያሳፍረኝ ቢሆንስ? እናቴን ስጠይቃት «የሌባ ወረቀት አልሰማም» ብላ ፊቷን አዞረች። ለምን አዞረች? መሪጌታውን ስጠይቃቸው «ረስቼዋለሁ ልጄ» አሉኝ። ዳዊትን በቃላቸው የሚደግሙ ሰው ናቸው። እንዴት ይረሱታል? መጥፎ ነገር ባይሆን ኖሮ ማን ይደብቀኝ ነበር?

በመጨረሻ አክስቴን ራሳቸውን ያዝኳቸው። እያንዳንዱን ደብዳቤ በቃላቸው እንደሚያውቁት አውቃለሁ።

«አክስቴ፣ ይንገሩኝ። መጥፎም ቢሆን ይንገሩኝ።»

እጄን አዩት።

«እኔ ብነግርህ፣ አክስቴ ስለምትወደኝ አሳመረችልኝ ትላለህ። እኔም ባንተ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የምል። የማይወድህ ሰው ይንገርህ። ወረቀቱ ደሳለኝ ዘንድ ነው፤ እግር አለህ።»

አልሄድኩም። እናቴን ሌባ ሲቀማት ኖሮ እኔ ልለማመጠው? አክስቴ በየዓመቱ «ሄድክ?» ይሉኛል፤ «አልሄድኩም» እላቸዋለሁ፤ «ጠላህን ጠጣ» ይሉኛል። እናቴ አረፈች። መሪጌታውም አረፉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጦርነት ወደ ዳባት በተጠጋ ጊዜ አክስቴ ሸሽተው ጎንደር እኔ ቤት መጡ። ልብስ አልያዙም። የራሳቸውን ወረቀቶች መቀነታቸው ውስጥ ሰፍተው፣ ሁለቱን ቁልፎች አንገታቸው ላይ አስረው ነበር። የቧንቧ ውሃችንን ጠርጥረው ሳይፈላ አልጠጣም አሉ። ከዚያ ቤቱን ልትጠብቅ ደባርቅ የቀረችው ማሬ ደወለች፤ የደሳለኝ ቤት መቃጠሉን፣ ወረቀቷም አብራ መቃጠሏን ነገረችን። ተነስቼ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ቆሜ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። የአባቴን ቃል ሳልሰማው አመድ ሆነ። ተመልሼ ስገባ አክስቴ እንጀራቸውን ረጋ ብለው ይበሉ ነበር።

«አልሰሙም?» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ። ወረቀቱ ነዋ የተቃጠለው።»

ለወንድማቸው ደብዳቤ ክረምት ሙሉ ዝናብ ላይ የቆሙ ሴት ናቸው። አንዲት እንባ ሳያወጡ እንጀራ መብላታቸው አልገባኝም፤ ጠረጠርኳቸውም። የቀጣዩም የኅዳር ሚካኤል ዝክር እንደዚሁ አለፈ። እሳቸው «ሄድክ?» አሉኝ፤ እኔም ወረቀት በሌለበት ምን ላድርግ ብዬ ተቆጣሁ። ከዚያ በኋላ ጤናቸው እየደከመ ሄደ።

እንግዲህ ለቅሶው ቤት ስደርስ በልቤ ይዤ የገባሁት ይህንን ነው። አክስቴ ደጅ ድንኳን ተተክሏል። ማሬን ተቃቅፈን አለቀስን። ቀና ስል ጥግ ላይ፣ ጋቢውን እስከ አፉ ተከናንቦ ደሳለኝ ተቀምጧል። ሸምግሏል። አጠገቡ ባዶ ቦታ ነበር፤ ማሬ ገፋ አድርጋ እዚያ አስቀመጠችኝ። ሆን ብላ ነው።

«ወረቀቷ ተቃጥላለች» አለኝ ገና ሳልጠይቀው።

«ሰምቻለሁ፣ አያ ደሳለኝ።»

«አላመንክም።»

እንደ አክስቴ እጁን አየሁት።

«ቃሉ ግን አለ። አንጓች በየፋሲካው ማግስት ቤቴ እየመጣች ታስደግመኝ ነበር። አንዲት ቃል ስስት ከመጀመሪያው አስጀምራኝ ነው የምትሄድ። እኔ አላነብም፤ በቃሌ ነው የያዝኩት። ልበልልህ?»

አክስቴ በየዓመቱ ደሳለኝ ቤት ይሄዱ እንደነበር አንዳችንም አናውቅም ነበር። ማሬን አየኋት፤ እሷም ደንግጣ ታየኛለች። «ይበሉ» አልኩት። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ውዳሴ ማርያም እንደሚደግም ሰው ያለ ምንም ቅላጼ ጀመረ።

«‹ብዙ አስቤበታለሁ። ወንድ ከሆነ ክርስትናውን ደሳለኝ ያንሳው።›»

በልቤ «ይኸው!» አልኩ። ወረቀቱ የለ፣ አክስቴ የሉ፣ መሪጌታው የሉ፤ አሁን የአባቴን ማሳ የያዘ ሰው ይመጣና የክርስትና አባትህ እኔ ነበርኩ ይለኛል። ልነሳ ጉልበቴን ያዝኩ። እሱ ግን ቀና ሳይል ቀጠለ።

«‹አንጓች፣ እንዳትቆጪ። ደሳለኝ ስስታም እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ለእንግዳ ጠላ ሲቀዳ ማየት ያሳፍራል። ያጫት ልጅ እንኳ እምቢ ያለችው በዚሁ ነው።›»

አጠገባችን ያሉት ሴቶች ወደ እኛ ዞሩ። ማሬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ደሳለኝ አልፈጠነም፤ ድምፁንም ዝቅ አላደረገም። ጆሮው ብቻ ቀላ።

«‹ነገር ግን በሬዬን ትቼለት ስሄድ ከራሱ በሬ አስቀድሞ ነበር የሚያጠጣው። የእኔን ነገር አይነካም። ማሳውን ልጁ እስኪደርስ እሱ ይረስ፤ ሲደርስ ያለ ሽማግሌ ያስረክበው። ልጁ እኔን መስሎ እንደሆነ ጻፉልኝ። ባይመስለኝም የእኔው ነው፤ ሳሙልኝ። ወንድማችሁ።› ይኸው ነው።»

ደሳለኝ ጋቢውን ወደ አፉ መለሰው።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?» አልኩ።

«ደብዳቤው የመጣ ጊዜ ያኔውኑ ወረቀቱን ከአንጓች ተቀብዬ እናትህ ዘንድ ሄጃለሁ። ማሳውን ፈልገህ አስጽፈህ ነው አለችኝ። አንጓች ብትመሰክርልኝ እሷንም አላመነቻትም። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ ራሱ ይምጣ ብዬ ተቀመጥኩ። ማሳውም አለ። ወሰኑን አልነካሁትም።»

ሰዎች እያዩን ተንበርክኬ የአያ ደሳለኝን ጉልበት ሳምኩ። «ተነስ፣ ተነስ፤ የአንጓች ለቅሶ ነው» አሉኝ፤ እጃቸው ግን ራሴ ላይ ቆየ። ተነስቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩና «እንደገና ይበሉልኝ» አልኳቸው። ከመጀመሪያው ጀምረው ደገሙልኝ። ስስታም የሚለውንም አልዘለሉትም።